ያልተማከለ ፋይናንስ መዝገብ እንዴት ይነበባል?

በአንድ የቆየ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሰነዶች ሁሉ በገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ብቻ ተደርድረዋል እንበል። አንድም ሰነድ አይጠፋም፤ ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የገባ ወረቀት አይሰረዝም፣ አይደለዝም። ነገር ግን በባለጉዳይ ስም የተዘጋጀ ማውጫ የለም። «ወይዘሮ እገሊት ባለፈው መስከረም ምን ያህል ገንዘብ ነበራቸው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እያንዳንዱን ወረቀት መግለጥ።

ብሎክቼይን ተብሎ የሚታወቀው የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ከዚህ መዝገብ ቤት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ሁሉም ነገር ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ክፍት መሆንና በቀላሉ መነበብ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት ሶፍትዌሮች እንዴት እንደሚሠሩና አንባቢውን በየት በየት በኩል ሊያሳስቱት እንደሚችሉ ለማስረዳት ይሞክራል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼይን ሥራ የጀመረው በጁላይ 2015 ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ2009 ከተጀመረው ከቢትኮይን የሚለይበት ዋና ነገር የገንዘብ ዝውውርን ከመመዝገብ አልፎ ስማርት ኮንትራት የሚባሉ ፕሮግራሞችን በመዝገቡ ውስጥ አስቀምጦ ማሠራት መቻሉ ነው። እነዚህን ፕሮግራሞች በመጠቀም ባንክ ወይም ደላላ መሃል ሳይገባ መመንዘር፣ ማበደርና መበደር የሚያስችለው አሠራር ያልተማከለ ፋይናንስ ይባላል። ለምሳሌነት የምንወስደው በኖቬምበር 2018 ይፋ የሆነውን፣ በሙያው መካኒካል መሐንዲስ የነበረው ሄይደን አዳምስ የሠራውን ዩኒስዋፕን ነው። ከዩኒስዋፕም በሜይ 2020 የወጣውን ሁለተኛውን እትም እንመርጣለን። ከዚያ ወዲህ የረቀቁ እትሞች ቢወጡም የሁለተኛው ስሌት ለተማሪ እጅግ ግልጽ ነው።

የጋራ ገንዳው ስሌት

ዩኒስዋፕ ውስጥ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት አይገናኙም። ሁለት ዓይነት ንብረት የተከማቸበት የጋራ ገንዳ አለ፤ ምንዛሪ ፈላጊው አንዱን ዓይነት ያስገባና ሌላውን ይወስዳል። የአንደኛውን ክምችት ሀ፣ የሁለተኛውን ለ ብንል፣ ውሉ የሚያስከብረው ሕግ ሀ × ለ በምንዛሪው ምክንያት እንዳይቀንስ ነው።

በቁጥር እንየው። በገንዳው ውስጥ 20,000,000 ዩኤስዲሲ (ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተዘጋጀ ቶከን ነው) እና 8,000 ኢተር አለ እንበል። የአንድ ኢተር ዋጋ 20,000,000 ሲካፈል ለ8,000፣ ማለትም 2,500 ዩኤስዲሲ ይሆናል። የሁለቱ ክምችት ብዜት ደግሞ 160,000,000,000 ነው። አሁን አንድ ሰው 5,000,000 ዩኤስዲሲ ይዞ ቢመጣ የመጀመሪያው ክምችት 25,000,000 ይሆናል፤ ብዜቱ እንዲጠበቅ ሁለተኛው ወደ 6,400 መውረድ አለበት። ሰውየው 1,600 ኢተር ይወስዳል ማለት ነው። ለስሌቱ ቅለት ሲባል ገንዳው የሚያስቀረውን የ0.3 በመቶ ክፍያ ትተነዋል። እያንዳንዱን ኢተር በአማካይ በ3,125 ገዝቷል፤ ከግዢው በኋላ የገንዳው ዋጋ ደግሞ ወደ 3,906.25 ወጥቷል። በአንድ ግዢ ብቻ ዋጋው ከ56 በመቶ በላይ ማሻቀቡን አንባቢ ያስታውስ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንዲት ጥያቄ ለአንድ ኖድ

የዚህን ገንዳ ክምችት ለማወቅ የሚያስፈልገው የመዝገቡ ቅጂ ያለበት ኮምፒዩተር ነው፤ ኖድ ይባላል። ጥያቄው በኢንተርኔት በኩል ጄሰን አርፒሲ በተባለ የአጠያየቅ ደንብ ይላካል። በውስጡ ሁለት ዋና ነገሮች ይኖራሉ፤ የውሉ አድራሻ፣ እርሱም 20 ባይት ነው፣ እና የሚጠራው ፈንክሽን መለያ። መለያው የሚገኘው የፈንክሽኑን ስም ኬቻክ 256 በተባለው የሀሽ ስሌት ውስጥ አሳልፎ የውጤቱን የመጀመሪያ 4 ባይት በመውሰድ ነው። እኛ የምንጠራው ፈንክሽን ጌት ሪዘርቭስ፣ ማለትም «ክምችቶቹን አምጣ» ይባላል። መልሱ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱ ክምችቶች እና ክምችቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ሰዓት።

የእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አቀማመጥ የፕሮግራም ጸሐፊዎቹን ቁጠባ ያሳያል። የኢቴሪየም አንድ የማስቀመጫ ቦታ 256 ቢት ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ክምችት 112 ቢት፣ ለሰዓቱ 32 ቢት ሰጥተው ሦስቱን በአንድ ቦታ ላይ ገጥመዋቸዋል። በ32 ቢት የሚቆጠር ሰዓት በ2106 ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል፤ እነርሱ ግን ይህንንም በስሌታቸው አስበውበታል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በመዝገቡ ላይ ምንም ነገር አይጽፍም። ኖዱ ፕሮግራሙን ለራሱ አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል እንጂ ለሌሎች ኖዶች አያሳውቅም። ስለዚህ ለኔትወርኩ ክፍያ አይጠየቅም፤ ጠያቂው ቶከን መግዛትም ሆነ የራሱ ሂሳብ መክፈት አያስፈልገውም። ይህን መለየት ለተማሪ ጠቃሚ ይመስለኛል፤ መዝገቡን ማጥናት አንድ ነገር፣ በገበያው መሳተፍ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነውና።

የመጣውን መልስ መረዳት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኢቴሪየም የአስርዮሽ ነጥብ አያውቅም፤ ሁሉም ነገር በሙሉ ቁጥር ይጻፋል። ዩኤስዲሲ በ6፣ ኢተር ደግሞ በ18 የአስርዮሽ ቤቶች ይቆጠራል። በምሳሌያችን ውስጥ ያለው 20 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ የሚመጣው 2 × 10¹³ ሆኖ ነው፤ 8,000 ኢተር ደግሞ 8 × 10²¹ ሆኖ። ሁለቱን እንደመጡ ያካፈለ ጀማሪ 2,500 በማግኘት ፈንታ 2.5 × 10⁻⁹ ያገኛል፤ በ10¹² እጥፍ ስቷል። ይህ ስህተት ትልቅ ስለሆነ ወዲያው ይታያል። የማይታየው የሚከተለው ነው፤ ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተለመደው የቁጥር ዓይነቱ ሙሉ ቁጥርን በትክክል መያዝ የሚችለው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ብቻ ነው። 8 × 10²¹ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ፕሮግራሙ አያማርርም፤ የመጨረሻዎቹን አኃዞች ዝም ብሎ ይጥላቸዋል። ጥሩ መሣሪያ ለትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች የተዘጋጀውን ዓይነት የሚጠቀመው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ ኢቴሪየም አዲስ ብሎክ የሚጨምርበት ጊዜ በ12 ሰከንድ የተወሰነ ነው። መቶ ገንዳዎችን አንድ በአንድ የሚጠይቅ ፕሮግራም የመጀመሪያውን በአንድ ብሎክ፣ የመጨረሻውን በሌላ ብሎክ ሊያነብ ይችላል፤ የተገኘው ድምር በየትኛውም ቅጽበት ያልነበረ ዓለም ድምር ይሆናል። መፍትሔው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የብሎኩን ቁጥር መጥቀስ፣ ወይም ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያቀርብ መልቲኮል የተባለ ውል መጠቀም ነው።

ያለፈውን ፍለጋ

እስካሁን ያየነው የአሁኑን ማንበብ ነው። «ገንዳው ከሁለት ዓመት በፊት ምን ነበረው?» ስንል ነገሩ ይከብዳል። በኢቴሪየም ኖዶች ዘንድ በስፋት የሚሠራበት ጌዝ የተባለው ሶፍትዌር በተለመደው አሠራሩ የሂሳቦችን ይዞታ የሚመልሰው ለቅርብ 128 ብሎኮች ብቻ ነው፤ ይህም 26 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የዝውውሮቹ ታሪክ አልጠፋም፤ በየጊዜው የነበረውን ይዞታ አዘጋጅቶ ማቆየት ግን ሰፊ ማከማቻ ያላቸው የተለዩ ኖዶች ሥራ ነው።

ደግነቱ ውሎች ሲሠሩ ሎግ የሚባል ማስታወሻ ጥለው ያልፋሉ። የዩኒስዋፕ ሁለተኛው እትም ክምችቱ በተለወጠ ቁጥር ሲንክ የሚል ማስታወሻ ይጽፋል፤ በውስጡ አዲሶቹ ሁለት ክምችቶች አሉ። ሎግ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፤ ከውጭ ያለ አንባቢ ሁሉ ያየዋል፣ የጻፈው ውል ራሱ ግን ተመልሶ ሊያነበው አይችልም። በዚህም ምክንያት ርካሽ ነው። በኢቴሪየም የስሌት ዋጋ የሚለካው ጋዝ በሚባል መለኪያ ሲሆን 32 ባይት አዲስ መረጃ በቋሚ ማስቀመጫ ላይ መጻፍ ከ20,000 ጋዝ በላይ ይጠይቃል። ያንኑ 32 ባይት አንድ ርዕስ ባለው ሎግ መጻፍ ግን 375 ለሎጉ፣ 375 ለርዕሱ፣ ለእያንዳንዱ ባይት 8፣ በድምሩ 1,006 ጋዝ ብቻ ነው።

ሎጎቹን ለመፈለግ በየብሎኩ ራስጌ ላይ ብሉም ፊልተር የሚባል የ2,048 ቢት ማጣሪያ ተቀምጧል። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። በብሎኩ ውስጥ የተጠቀሰ እያንዳንዱ አድራሻና ርዕስ በሀሽ ስሌት ከ2,048ቱ ቢቶች ሦስቱን ወደ 1 ይቀይራል። ፈላጊው የሚፈልገውን አድራሻ በተመሳሳይ መንገድ ያሰላና ሦስቱን ቢቶች ይመለከታል፤ አንዱ እንኳ 0 ከሆነ አድራሻው በዚያ ብሎክ ውስጥ በፍጹም የለም። ሦስቱም 1 ከሆኑ ምናልባት አለ፣ ምናልባትም ሌሎች አድራሻዎች በአጋጣሚ ሞልተዋቸዋል። ማጣሪያው ሰዎች ጥቂት በሆኑበት መንደር ጥሩ ዘበኛ ነው። ዛሬ ብሎኮቹ በሎግ የተጨናነቁ በመሆናቸው ብዙዎቹ ቢቶች ስለሚሞሉ «ምናልባት» የሚለው መልስ በዝቷል፤ ማጣሪያውም ጉልበቱን አጥቷል። በቀን 7,200 ያህል፣ በዓመት ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ብሎክ በሚጨመርበት መዝገብ ላይ በዚህ መንገድ መፈለግ አድካሚ ነው። ኖድ የሚያከራዩ ድርጅቶችም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ የሚፈተሸውን የብሎክ ብዛት ይገድባሉ።

ማውጫ ሠሪው

እንግዲህ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ አንድ ትጉህ ሠራተኛ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ሲገባ እያየ በባለጉዳይ ስም የካርድ ማውጫ ቢያዘጋጅ ችግሩ ይቃለላል። ዘ ግራፍ የተባለው ሥርዓት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሥራው በ2018 ተጀምሮ ያልተማከለው ኔትወርኩ በዲሴምበር 2020 ተከፍቷል።

ማውጫ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ሰብግራፍ የሚባል ዝርዝር ይጽፋል። በዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ውል ከየትኛው ብሎክ ጀምሮ እንደሚታይ፣ የትኞቹ ሎጎች እንደሚያዙ፣ መረጃው በምን ዓይነት ሠንጠረዥ እንደሚቀመጥ፣ እንዲሁም አንድ ሎግ ሲመጣ ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚለወጥ የሚገልጹ አጫጭር ፕሮግራሞች ይኖራሉ። ግራፍ ኖድ የተባለው ሶፍትዌር ይህን ተቀብሎ ብሎኮቹን በቅደም ተከተል ያነባል፤ ውጤቱን ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል። ተጠቃሚው የሚጠይቀው ፌስቡክ በ2015 ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ግራፍኪውኤል በተባለ የመጠይቅ ቋንቋ ነው፤ ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ፍለጋ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል።

ማውጫ ሠሪውን የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለ፤ የመዝገቡ ጫፍ ገና እርጥብ ቀለም ነው። ሁለት ብሎኮች በአንድ ቦታ ላይ ሊወዳደሩና ከተነበበው አንዱ በኋላ ሊጣል ይችላል። በዚያን ጊዜ ማውጫው ከተጣለው ብሎክ የወሰደውን ሁሉ ነቅሎ አውጥቶ በአዲሱ መተካት አለበት። በኢቴሪየም አንድ ብሎክ የማይቀለበስ የሚሆነው በተለመደው ጊዜ 13 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ያላሰበ፣ በቤት ውስጥ የተሠራ መሣሪያ ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ያልተፈጸመ ሽያጭ በመዝገቡ ይዞ ይገኛል።

ትክክለኛ ቁጥር፣ የተሳሳተ መልስ

ከላይ ያየናቸው የአነባበብ ስህተቶች ናቸው። የባሰው ግን እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ሆኖ መልሱ ስህተት የሚሆንበት ጊዜ ነው።

በጣም ቀላሉን ላስቀድም፤ እኔም ወድቄበታለሁና። ለሰብግራፍ ጥያቄ ሲቀርብ ምን ያህል መዝገብ እንደሚፈለግ ካልተገለጸ የሚመለሰው 100 ብቻ ነው፤ በአንድ ጥያቄ የሚፈቀደው ከፍተኛው ደግሞ 1,000 ነው። ከዚያ የሚበልጠው በተከታታይ ጥያቄዎች መምጣት አለበት። «ቀሪው አልመጣም» የሚል ማስጠንቀቂያ የለም። የአንድ ወር ምንዛሪዎችን ደምሬ ባማረ ሠንጠረዥ ካቀረብኩ በኋላ የመዝገቦቹ ብዛት በየቀኑ ልክ 100 መሆኑን ያስተዋለው አንድ ተማሪ ነበር።

ሁለተኛው ድርብ ቆጠራ ነው። የአንድን ፕሮቶኮል መጠን ለመግለጽ የሚሠራበት መለኪያ በውስጡ የተቀመጠው ንብረት ጠቅላላ ዋጋ ነው። አንድ ሰው 100 ዶላር የሚያወጣ ኢተር በአንድ ፕሮቶኮል ውስጥ አስቀመጠና በምትኩ የደረሰኝ ቶከን ተሰጠው እንበል። ደረሰኙንም በሁለተኛ ፕሮቶኮል አስቀመጠ፤ ከዚያም የተሰጠውን ሌላ ደረሰኝ በሦስተኛ። እያንዳንዱ ፕሮቶኮል በሐቅ 100 ዶላር አለኝ ይላል፤ የሦስቱ ድምር 300 ይሆናል። በመሃሉ ያለው ንብረት ግን 100 ብቻ ነው። ይህ የሐሳብ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ኮይንዴስክ የተባለው የዜና ተቋም በኦገስት 2022 ይፋ እንዳደረገው ሶላና በተባለው ብሎክቼይን ላይ አንድ ፕሮግራመር 11 የተለያዩ ሰዎች መስሎ እርስ በርስ የተደራረቡ ፕሮቶኮሎችን ሠርቷል። በወቅቱ ከተዘገበው የሶላና 10.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 7.5 ቢሊዮኑ ሴበርና ሰኒ በተባሉት ሁለት ፕሮቶኮሎች የተቆጠረ ነበር። መዝገቡን ለሚያነበው ሶፍትዌር እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ነው፤ ማን ከማን ላይ እንደተደረበ የሚያውቀው የስሌቱን ደንብ የሚጽፈው ሰው ነው። ዲፋይላማ የተባለው ታዋቂ መሣሪያ የእያንዳንዱን ፕሮቶኮል ስሌት ኮድ ለሕዝብ ክፍት ማድረጉና ድርብ ቆጠራን ለይቶ ማሳየቱ የሚመሰገነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ወደ ገንዳው ዋጋ ይመልሰናል። ቀደም ሲል እንዳየነው አንድ ትልቅ ግዢ የገንዳውን ዋጋ በቅጽበት ያንቀሳቅሰዋል። ያን ቅጽበት ያነበበ መሣሪያ 3,906.25 ይላል፤ ስሌቱ ትክክል ነው፤ በሌላው ገበያ ግን ኢተር አሁንም 2,500 ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ቢዜክስ በተባለው የብድር ፕሮቶኮል ላይ የደረሰው ጉዳት ከዚህ የመነጨ ነው። ጥቃት አድራሹ በአንድ ዝውውር ውስጥ ተበድሮ በዚያው ዝውውር በሚመለስ ገንዘብ የአንድን ቶከን ዋጋ አናረ፤ ፕሮቶኮሉም ያንን ዋጋ አምኖ ከሚገባው በላይ አበደረው፤ ከ2,300 ኢተር በላይ ይዞ ሄደ። የዩኒስዋፕ ሁለተኛው እትም ለዚህ መድኃኒት አለው። ዋጋው በቆየበት የሰከንድ ብዛት እየተባዛ የሚደመርበት ቁጥር በውሉ ውስጥ ይያዛል፤ አንባቢው ይህን ቁጥር በሁለት የተለያዩ ጊዜያት አንብቦ ልዩነቱን ለመሃሉ ሰከንዶች ቢያካፍል በጊዜ የተመዘነ አማካይ ዋጋ ያገኛል። ለአንድ ብሎክ ብቻ የናረ ዋጋ በሰዓት አማካይ ውስጥ ከ300 አንድ እጅ ብቻ ይመዝናል።

መስኮቱን ማን ይዞታል?

በኖቬምበር 11 ቀን 2020 ኢንፉራ የተባለው፣ ለብዙ መተግበሪያዎች የኖድ አገልግሎት የሚሰጠው ድርጅት የቆየ የጌዝ እትም እየሠራበት ሳለ በዚያ እትም ውስጥ የነበረ ስህተት ተቀሰቀሰ፤ ኖዶቹም ከዋናው ሰንሰለት ተለዩ። መዝገቡ ራሱ አልቆመም። ነገር ግን በኢንፉራ በኩል የሚያነቡ ሁሉ የተሳሳተ ገጽ አዩ ወይም ምንም አላዩም፤ ባይናንስን የመሰሉ ትልልቅ የምንዛሪ ድርጅቶች ለጊዜው የኢተር ወጪን አቆሙ። በሺዎች ኮምፒዩተሮች የተባዛ መዝገብ በአንድ መስኮት ይታይ ነበር ማለት ነው። ዘ ግራፍም ቢሆን መጀመሪያ ያቀርበው የነበረውን ነጻ ማዕከላዊ አገልግሎት በ2024 ሲዘጋ በዚያ አድራሻ ላይ የተሠሩ የጥናት ፕሮግራሞችና የማስተማሪያ ምሳሌዎች መልስ አጥተዋል። ዛሬም በመጻሕፍትና በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ያንን አድራሻ የሚያገኝ ተማሪ ጥፋቱ የራሱ እንዳልሆነ ይወቅ።

ኖዱን ሳያምኑ ኖዱን መጠየቅ ይቻላልን? ለአሁኑ ይዞታ መልሱ አዎን ነው። በእያንዳንዱ ብሎክ ራስጌ ላይ የሁሉንም ሂሳቦች ይዞታ የሚወክል የ32 ባይት ሀሽ አለ። ይህም የሀሾች ዛፍ ሥር ነው፤ ቅጠሎቹ ሂሳቦቹ ናቸው፣ እያንዳንዱ አንጓ ከበታቹ ያሉት ሀሾች ሀሽ ነው። ኖዱ የገንዳውን ክምችት ሲመልስ ከዚያ ቅጠል እስከ ሥሩ የሚያደርሱትን አንጓዎች አብሮ እንዲልክ ይጠየቃል። ጠያቂው ሀሾቹን ራሱ አስልቶ ሥሩ ከራስጌው ጋር መግጠሙን ያያል፤ ከክምችቱ አንዲት ቢት ብትለወጥ ሥሩ አይገጥምም። የራስጌው እውነተኛነት ደግሞ በየጊዜው በሚመረጡ 512 አረጋጋጮች ፊርማ ይጣራል። በ2022 የወጣው ሄሊዮስ የተባለ ሶፍትዌር ይህን ሁሉ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል።

ለማውጫዎች ግን እንዲህ ያለ አጭር ማስረጃ የለም። «በዚህ ወር የተደረጉት ምንዛሪዎች ሁሉ እነዚህ ናቸው» የሚለውን አባባል ከአንድ ሥር ጋር አስተያይቶ ማረጋገጥ አይቻልም፤ አንዱ ቢጎድል በምን ይታወቃል? ስለዚህ ተማሪው የቀረው የናሙና ፍተሻ ነው። አንድ ገንዳ ይምረጥ፤ ጥቂት የብሎክ ቁጥሮችን በዕጣ ያውጣ፤ በእነዚያ ብሎኮች ማውጫው የሚለውን ክምችት ከዚያ በፊት ከተጻፈው የመጨረሻ የሲንክ ሎግ ጋር ያስተያይ። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አኃዝ እኩል መሆን አለባቸው። በአንዱም ብሎክ ልዩነት ከታየ ማውጫው ከዚያ ብሎክ ጀምሮ እንደገና ይሠራል።